«ልጁ ተኝቶ ነበር»

ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ፣ ሽቅብም ወደ ማጂ ባለው የቡና አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያድራል፤ ልጆችም ምንም ሳይመስላቸው ይተኛሉ። በአንዳንድ ቤት ግን ያን ሁሉ ውርጅብኝ ተኝቶ የሚያሳልፈው ልጅ፣ ደጅ ላይ ኮቴ ሲሰማ ብንን ይላል። ዓይኑን አይገልጥም። አባቱ በሩን እንዴት እንደዘጋው፣ የመጀመሪያው ቃል በምን ድምፅ እንደወጣ ይመዝናል። ነገሩ ወደ ዱላ ካመራ ጎረቤት ገብቶ ይገላግላል። ሲነጋ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ባል ይገሠጻል፤ ሚስት «ስለ ልጆችሽ ብለሽ» ትባላለች። ስለ ልጁ የጠየቀ ሰው ቢኖር መልሱ አጭር ነው፦ «ተኝቶ ነበር፤ ምንም አልሰማ።»

ተመራማሪዎች ይህን መልስ ፈትሸውት አልተቀበሉትም።

እንቅልፍ የማይከልለው ድምፅ

በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸው 20 ሕፃናት ተኝተው ሳለ አንጎላቸው እንዴት እንደሚሠራ በኤምአርአይ ተከታትለዋል። ሕፃናቱ የሚሰሙት ትርጉም የሌላቸው ዓረፍተ ነገሮች የሚናገር የወንድ ድምፅ ነበር፤ አንዴ በደስታ፣ አንዴ ያለ ስሜት፣ አንዴ በመጠነኛ ቁጣ፣ አንዴ በብርቱ ቁጣ። ቁጣው ሲበረታ፣ ጭቅጭቅ ከበዛበት ቤት የመጡት ሕፃናት ከጭንቀትና ከስሜት ጋር የተያያዙ የአንጎል ክፍሎቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ ተቀሰቀሱ። እዚህ ላይ የተለካው የወላጆች ጭቅጭቅ እንጂ ዱላ አልነበረም። ሕፃናቱም ገና ቋንቋ አያውቁም። ድምፁ ግን በእንቅልፍ ውስጥም አልፎ ደርሷቸዋል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራ ሌላ ጥናት፣ በቤታቸው ጥቃት የደረሰባቸው ወይም ያዩ 20 ልጆችን ከ23 ሌሎች ልጆች ጋር አወዳድሮ ነበር። የተቆጣ ፊት ምስል ሲያዩ፣ በመጀመሪያዎቹ ልጆች አንጎል ውስጥ አሚግዳላና ኢንሱላ የተባሉት ክፍሎች በርትተው ሠሩ። ተመራማሪዎቹ ይህ ምላሽ ከጦር ሜዳ በተመለሱ ወታደሮች ላይ ከታየው ጋር እንደሚመሳሰል ጽፈዋል። ልጆቹ በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕመም አልነበረባቸውም፤ ለአደጋ ግን ተዘጋጅተው ነበር።

ማማ ላይ የቀረ ልጅ

አሚግዳላን ለመረዳት የበቆሎ ጠባቂን ማሰብ ይበቃል። ማሳ ዳር ማማ ሠርቶ የሚቀመጠው ጠባቂ ሥራው አንድ ነው፦ ዝንጀሮው ወይም አሳማው ሳይገባ ሰምቶ መጮህ። አንጎላችን ውስጥም አሚግዳላ እንዲሁ አደጋን ይጠብቃል። ምልክት ሲያገኝ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰሙት ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ይበርዳል። ይህ ጤናማ አሠራር ነው።

አሳማው በየሌሊቱ የሚመጣ ከሆነ ግን ጠባቂው ከማማው መውረድ ይተዋል፤ ቅጠል ሲንኮሻኮሽም ይጮኻል። በቤት ውስጥ ጥቃት መካከል የሚያድግ ልጅ አካል እንዲህ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ሌላ ልጅ ሲፈራ የሚሮጥበት የእናቱ እቅፍ ለዚህ ልጅ ራሱ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ የሚያስፈራውም ከሩቅ የመጣ ጠላት ሳይሆን የሚወደው አባቱ ነው። የሚሮጥበት ሲያጣ ልጁ ማማው ላይ ይቀራል።

ጉዳቱ እንደ ዕድሜው መልኩን ይለውጣል። ጨቅላው እንቅልፍና ጡት እምቢ ይላል። አፉን የፈታው መናገሩን ይቀንሳል፤ የተወው አልጋ ማርጠብ ይመለስበታል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለቅም። ትምህርት የጀመረው ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። በክፍል ውስጥ አካሉ ወንበሩ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ማማው ላይ። የበር መዘጋት የሚያስደነግጠው ልጅ ለማባዣ ሠንጠረዥ የሚተርፍ ትኩረት የለውም፤ መምህሩ ግን «ሰነፍ» ወይም «ረባሽ» ብሎ ይመዘግበዋል። ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ፦ «እኔ ብሩን ባልጥል ኖሮ አይመታትም ነበር።» ጎረምሳው ወይ ከቤት ይርቃል፣ ወይ በእናቱና በአባቱ መካከል ይቆማል፣ ወይ ያየውን በታናናሾቹ ላይ ይደግማል።

ቁጥሩ ከእኛው ሰፈር

ነገሩ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ኢትዮጵያን የወከሉት በቡታጅራ አካባቢ የተጠየቁ ከ3,000 በላይ ሴቶች ነበሩ። ባል ወይም ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁት መካከል 71 በመቶው በዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነበር። በዚያው ቡታጅራ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ የእናት ድባቴና የባል ጥቃት ሲደራረቡ የሕፃናት ሞት አደጋ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለምን እንደሆነ መገመት አያዳግትም፤ የተሰበረች እናት ልጇ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ ለማድረስ አቅሙም ፈቃዱም በእጇ ላይሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ከአምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ተገቢ ነው የሚሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ መሆናቸውን መዝግቧል። ከምክንያቶቹ አንዱ ወጥ ማሳረር ነው። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ዱላን ተገቢ ማለታቸው ያስገርም ይሆናል፤ ይህ ግን በአንድ ቀን የተማሩት አይደለም። ልጅ ሆነው፣ «ተኝተው» ሳለ የሰሙት ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ወንጀል አድርጎታል። በክስ መዝገቡ ላይ ግን ተበዳይ ተብላ የምትጻፈው አንዲት ሴት ናት። መጋረጃው ጀርባ የነበረው ልጅ ስሙ የለም።

ከማማው የሚያወርደው

ይህ ሁሉ ሲባል፣ ያየ ልጅ ሁሉ ተበላሽቶ ይቀራል ማለት አይደለም። 118 ጥናቶችን ያጠቃለለ እ.ኤ.አ. የ2003 ትንተና እንዳሳየው፣ በወላጆቻቸው መካከል ጥቃት ካዩ ልጆች 63 በመቶው ካላየ አማካይ ልጅ የባሰ ሁኔታ ላይ ነበሩ። የቀሩት 37 በመቶ ግን እኩል ወይም የተሻሉ ነበሩ። እነዚህን ምን ጠበቃቸው? በሐዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለችው ተመራማሪ ኤሚ ወርነር፣ በከባድ ችግር ካደጉት ሲሦ የሚሆኑት ብቁ ሰው ሆነው ማደጋቸውን አገኘች። ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው፣ ሳይለዋወጥ የቆመላቸው አንድ ሰው መኖሩ ነበር፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት።

ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም። «ትናንት ማታ የሆነውን ሰምተሃል አይደል? ጥፋቱ የአንተ አይደለም» የሚል አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። አያት ማታ አጠገቧ ብታስተኛው፣ መምህሩ ከመግረፉ በፊት «ቤት ውስጥ ምን አለ?» ቢለው፣ ጠባቂው አንድ እግሩን ከማማው ያወርዳል። ዋናው መድኃኒት ግን የዱላው መቆም ነው፤ አሳማው እየመጣ ጠባቂን «አትፍራ» ማለት አይቻልም።

ሽምግልናችን ሁለት ሰው አስታርቆ ይበተናል። ዕርቁ መያዙ የሚለካበት ግን ከሁለቱ ፈገግታ የተሻለ ምስክር አለ። ከወር በኋላ ተመልሶ፣ ኮቴ ሲሰማ የሚባንነው ያ ልጅ እንዴት እያደረ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የኮቴው ድምፅ እንደ ዝናቡ ካለፈው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ተኝቷል።