ካዛንቺስ፦ መንገዱ ከነዋሪው የቀደመበት ሰፈር

 የአዲስ አበባ አጀማመር በፕላን አልነበረም፤ መኳንንቱ በየኮረብታው ግቢያቸውን ሲያጥሩ ሎሌውና ወታደሩ ዙሪያውን ጎጆ ቀለሰ። መንገዱ አስቀድሞ ተቀይሶ፣ ቦታው ተሸንሽኖ፣ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሰው የገባባቸው ሰፈሮች ሲቆጠሩ ግን ካዛንቺስ ከቀደምቶቹ ተርታ ይገባል።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ መኖሪያ አስፈለገው። ሥራው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ለሚሠራው ለኢንቺስ ተሰጠ። ተቋሙ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት በስተምሥራቅ የአትክልት ግቢ ያላቸውን ዝቅ ዝቅ ያሉ ቪላዎች ደረደረ። «ካዛ ኢንቺስ» የሰፈሩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

የቪላዎቹ ውበት የዓላማውን ክፋት ሊያስረሳን አይገባም። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች የነደፉት የከተማ ፕላን ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ የሚያዝ ነበር፤ ኢትዮጵያዊው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወዳለበት አካባቢ ተገፋ። ስመ ጥሩው ለ ኮርቡዚዬም ለሙሶሊኒ የራሱን ንድፍ ልኮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

አምስት ዓመት ለእንዲህ ያለ ፕላን አይበቃም። በ1933 ዓ.ም. ባለቤቶቹ ሲባረሩ አብዛኛው ፕላን ወረቀት ላይ ቀረ፤ ቤቶቹ ግን ቆሙ፣ ኢትዮጵያውያንም ገቡባቸው። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ከሰፈሩ አጠገብ ሲመረቅ የውጭ ሰው በዛ፣ ሆቴሉና ቡና ቤቱም ተከተለ። ከዚያ የ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ትርፍ ቤት ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ኪራይ ቤቶች ያዘው። ለአንድ ቤተሰብ የታሰበ ግቢ ለብዙ አባወራ ተሸነሸነ፤ ከጓሮው ጭቃ ቤት ተቀጠለ፣ ማድቤትና ሽንት ቤት የጋራ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ ካዛንቺስን ካዛንቺስ ያሰኘው ይኸው መጨናነቅ ነው፤ ዲፕሎማቱ፣ ሊስትሮውና ጉሊት ቸርቻሪዋ በአንድ መንገድ የሚተላለፉበት ሰፈር ጣሊያኖቹ ካሰቡት ተቃራኒው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማት የሰፈሩን ሰፊ ክፍል አፈረሰ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ከከተማዋ ዳር ወደሚገኘው ገላን ጉራ ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመርም አግኝቷል። የጋራ ሽንት ቤቱ አይናፈቅም፤ ጎረቤቱ ግን ይናፈቃል።