ባለ አበባ ቀሚሷ ሩት ነጋ

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፤ በየትኛውም በኩል ከአዲስ አበባ ብትወጡ አስፋልቱ ዳር «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈች ጠባብ ሱቅ አታጡም። ደንበኛው ፍላሹን ያቀብልና «አዲስ ሲዝን መጥቷል?» ይላል። ልጁ ፎልደር ከፍቶ ያስመርጠዋል፣ ይጭንለታል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም በየቤቱ የገባው በአመዛኙ በዚህ በር ነው። የማርቭልን ታሪክ የሚወዱ ወጣቶች «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ»ን አይተው ከሆነ፣ በመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ላይ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳ ብቅ የምትለውን ሴት ያስታውሷታል። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ የምትሠራው ሥራ ግን አያድርስ ነው። ገጸ ባሕሪዋ ራይና ትባላለች። ተዋናይቷ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሩት ነጋ።

ሩት የተወለደችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። አባቷ ሊከተሉ ነበር፤ ሳይሆንላቸው በመኪና አደጋ ዐረፉ። ልጅቷ ያኔ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር። ሊምሪክ ላይ፣ ኋላም ለንደን አደገች። ትወና የተማረችው ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ሲሆን የጀመረችውም ከመድረክ ነው። የአየርላንዱ ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን ሥራዋን አይቶ ስለወደደው፣ «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» (2005) ለተባለው ፊልሙ የተጻፈውን ድርሰት ለሷ ቦታ እንዲኖረው ብሎ እስከ መለወጥ ደርሷል።

ስለ ሩት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከኦስካር ነው። በ2016 በወጣው «ላቪንግ» ላይ፣ ነጭ ወንድ በማግባቷ በቨርጂኒያ ሕግ ከቤቷ የተባረረችውን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና ተጫውታ ለምርጥ ዋና ተዋናይት ታጨች። ደብሊን ላይ ራሱን ሐምሌትን፣ ብሮድዌይ ላይ ደግሞ ከዳንኤል ክሬግ ጋር ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታለች። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው። እኔ ግን ችሎታዋ ጎልቶ የሚታየኝ ብዙ ሃያሲ ዞር ብሎ በማያየው በሳይንስ ፊክሽን ነው። የሌለ ዓለም እውነት የሚመስለው ጭሱና መብራቱ ስለበዛ አይደለም፤ አንድ ተዋናይ አምኖበት ሲያወራ ነው። ሩት ደግሞ ታምናለች።

የመጀመሪያው ምሳሌ የእንግሊዙ «ሚስፊትስ» ነው። በመብረቅ ዶፍ ተመትተው ልዩ ኃይል ያገኙ ወጣት ጥፋተኞችን ታሪክ ይተርካል። በ2010 በወጣው ሁለተኛው ሲዝን ሩት ኒኪን ሆና ገባች። ኒኪ ልቧ ታሞ የሌላ ሰው ልብ ይተካላታል። ለጋሹ ከቦታ ቦታ ብልጭ ብሎ መሰወር የሚችል ሰው ነበርና ኃይሉ ከልቡ ጋር አብሮ ይመጣባታል። ሐሳቡ ለወግ የሚያስቅ ነው፤ እሷ ግን ከሆስፒታል እንደወጣ ሰው ደከም ብላ፣ በገዛ ሰውነቷ እየተገረመች ስለምትጫወተው ተመልካቹ ይቀበለዋል።

ራይና ግን ዋናው ነው። ከ2013 እስከ 2015 በዘለቀው በዚህ ሚና ሩት ሽጉጥ የምትይዝ፣ የምትጮህ ወንጀለኛ አልሠራችም። ራይና ሰው የምታጠምደው በማድመጥ ነው። ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ማንም ያልተረዳልህን ነገር እኔ ተረድቼልሃለሁ ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ ልዩነቱ ይቺኛዋ ከኋላዋ ቤተ ሙከራ ያላት መሆኑ ነው። እያደር ግን ጉጉቷ ወደ ራሷ ይዞራል። በደሟ ውስጥ የተሸሸገ ሌላ ተፈጥሮ እንዳለ ሰምታለች፤ ያ ተፈጥሮ ሲገለጥ የተዋበ ነገር እንደምትሆን ታስባለች።

በሁለተኛው ሲዝን ዐሥረኛ ክፍል ያ ቀን ይመጣል። ከመሬት በታች ባለ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ውስጥ ባዕድ ዕቃ ይከፈትና በውስጡ ካለው ክሪስታል የሚወጣው ጉም ራይናንና ዋናዋን ገጸ ባሕሪ ስካይን በድንጋይ ቅርፊት ይሸፍናቸዋል። ቅርፊቱ ሲሰበር ስካይ ምድርን የሚያንቀጠቅጥ ኃይል ይዛ፣ መልኳ ሳይነካ ትወጣለች። ራይና ፊቷና ገላዋ ሁሉ እሾህ ሆኖ ትወጣለች፤ ስትንቀሳቀስ ራሷኑ የሚወጋ እሾህ። ከዚያ ወዲህ ሩት ሰዓታት በሚወስድ ሜካፕ ተሸፍና ነው የተጫወተችው። ፊቷ ሲጠፋ የቀራት ድምጿና ዓይኗ ብቻ ነበር፤ የሚገርመው በዚያ ብቻ ያቺን ወንጀለኛ እንድናዝንላት ማድረጓ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድማ የማየት ኃይል ስታገኝም አያስደስታትም፤ የራሷ መጨረሻም ይታያታልና።

ከ2016 እስከ 2019 ባሉት አራት የ«ፕሪቸር» ሲዝኖች ቱሊፕን ሆናለች። ፕሪቸር ከሳይንስ ይልቅ ወደ መላእክትና አጋንንት ያደላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ብቻ፣ በቆሎ ማሳ መሐል በሚበር መኪና ውስጥ ስትደባደብ ቆይታ፣ አንድ ገበሬ ቤት ደርሳ ከሁለት ሕፃናት ጋር ከቆርቆሮና ከመጫወቻ ወታደሮች ባዙቃ ትሠራለች። ሄሊኮፕተርም ታወርድበታለች። ታሪኩ በተወሰደበት ሥዕላዊ መጽሐፍ ላይ ቱሊፕ ነጭ፣ ወርቃማ ጸጉር ያላት ናት። ሩት ስትመረጥ ይህን ያነሡ ነበሩ፤ ያ የመጀመሪያ ክፍል ግን ለሁሉም መልስ ይመስለኛል።

በትልቁ ስክሪን ደግሞ «አድ አስትራ» (2019) አለ፤ ከብራድ ፒት ጋር። የሷ ድርሻ አጭር ነው፤ ማርስ ላይ የሚገኘውን የሰው ልጅ ጣቢያ የምታስተዳድረው ሄለን ላንቶስን ትጫወታለች። ሄለን የተወለደችው እዚያው ማርስ ላይ ነው፤ ወላጆቿ ወደ ሩቅ ጠፈር በተላከ ጉዞ ላይ ቀርተዋል። መሬትን ያየችው በልጅነቷ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ለፒት ስትነግረው ድምጿን አትለውጥም፣ እንባም አታመጣም። በአራት ዓመቷ ከተወለደችበት አገር የወጣች፣ አባቷን በሩቁ ያጣች ሴት ይህን ስትናገር ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሌላ ነገር ይሰማዋል። ዳይሬክተሩ ያን አስቦ ይሁን አይሁን ምን ቸገረን።

በአማርኛ የተሠራ ሳይንስ ፊክሽን ቢፈለግ ምርጫው ጠባብ ነው። የስፔኑ ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው «ክረምብስ» (2015) ግን ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ፣ የደሎልን ቢጫ ምድር ዓለም ካለቀ በኋላ ያለ አገር አድርጎ አሳይቷል። ሰማዩ ላይ ሥራ ያቆመ ግዙፍ መንኮራኩር ተንጠልጥሏል፤ ከታች የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ቅርስ ይገመታል። ሩት እንዲህ ባለ ፊልም ላይ፣ በዚህ አፈር ብትጫወት ማየት እወዳለሁ።

እስከዚያው ፍላሽ ይዞ ለሚወጣ ሰው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሺልድ አንደኛ ሲዝን አምስተኛ ክፍል፣ ከዚያ ሳይዘሉ እስከ ሁለተኛው ሲዝን ዐሥረኛ ክፍል። ፕሪቸር ደም ይበዛበታል፤ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን።