ዱባ፤ ገበያውን ጠብቆ የሚቆይ ሸቀጥ

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል። የመጋዘንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቲማቲም በጥቂት ቀን ሲበላሽ፥ ልጣጩ የጠነከረ ዱባ ግን ወራት ይቆያል። ጃፓኖች «ካቦቻ» የሚሉትን ልጣጩ አረንጓዴ፥ ውስጡ ብጫ የሆነውን ዱባ፥ የገዛ ምርታቸው በሚያልቅበት ወራት ከኒው ዚላንድና ከሜክሲኮ በመርከብ ያስመጣሉ።

ይህን ረጅም ጉዞ የሚያስችለው አያያዙ ነው። ዱባው ሲበስል ከሐረጉ የሚያያዝበት እጀታው ሳይነቀል ይቆረጣል፤ ጥቂት ቀን ሙቀትና ነፋስ ባለበት ስፍራ ይሰነብታል፤ ከዚያም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ደረቅ መጋዘን ይቀመጣል። እጀታው ከተነቀለ ወይም ልጣጩ ከተጫረ ብስባሴ በዚያው ይገባል፤ የነጋዴውም ትርፍ በዚያው ይወጣል።

በአገራችን ዱባ በጾም ወራት ለወጥ ይሆናል፤ ፍሬውም ተቆልቶ ይበላል። ስለዚህ ባለሱቁ ሲገዛ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን እጀታውንም ይመልከት።