ተጨማሪ መረጃ፦ የባልጪት ጥቁር ድንጋይ

ከሰበታ ዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ አዋሽን በሚሻገርበት አካባቢ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። ከዚያ በስተሰሜን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባልጪት አለ።

የባልጪት ሀብት ኦብሲዲያን ነው። ይህ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ይፈጠራል። ሲመቱት እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ስለት ያወጣል።

በመልካ ቁንጡሬ የጥንት ሰዎች ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ወንዝ ያወረደውን ኦብሲዲያን እየለቀሙ መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። በኋላ ዘመን የኖሩት ደግሞ ድንጋዩን ከምንጩ ከባልጪት አውጥተው እዚያው ጠርበዋል፤ የሥራቸው ፍንካች ዛሬም መሬቱን ሸፍኖ ይታያል። በአገራችን ኦብሲዲያንን ለቆዳ መፋቂያነት የመጠቀም ልማድ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቋል።

ዩኔስኮ ሁለቱን ስፍራዎች በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።