ጀበናው ዴዴሳን ሲቀዳ

ከጀበና አፍ የሚቀዳው ቡና እየሰፋ ይወርድና የዴዴሳ ወንዝ ይሆናል። ወንዙ በድልድይ ሥር አልፎ ሲኒ ውስጥ ይገባል፤ ከሲኒው የሚነሣው እንፋሎት በነቀምቴ ኮረብታዎች ላይ ደመና ሆኖ ይጠራቀማል፤ ደመናውም ተመልሶ በጀበናው አናት ይገባል። ሁሉም በሦስት ሰከንድ ያልቃል፤ ወዲያው ደግሞ ይቀጥላል፤ ዐይን ግን የት እንደ ጀመረና የት እንዳበቃ አይለይም። እንዲህ ያለውን ምስል በአራት ፎቶና በአንድ ስልክ መሥራት ይቻላል። የተለያዩ ፎቶዎችን ቆርጦና አጋጥሞ በገሃዱ ዓለም የሌለ ትዕይንት መፍጠርን፣ ትዕይንቱም ያለማቋረጥ እንዲዞር ማድረግን ብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ሕግ ያለው ሙያ ነው እላለሁ። ዋናው ሕጉም ይህ ነው፦ ዙር የሚስማማው በተፈጥሮው ለሚመላለስ ነገር ነው። ቡናና ዝናብ፣ ገበያና ወንዝ የዕለት ኑሮው ለሆነ የወለጋ አገር፣ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለነጆ፣ ለሻምቡና ለደምቢ ዶሎ፣ ይህ ሙያ የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሚዞር ምስል ከኮምፒውተር በፊት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1832 የቤልጅጉ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶ በክብ ሰሌዳ ዙሪያ ተከታታይ ሥዕሎች አስፍሮ፣ ሰሌዳውን በመስታወት ፊት አሽከርክሮ በቀዳዳዎቹ በኩል ሲያይ ሥዕሎቹ እንደ ሕያው ተንቀሳቀሱለት። ሰሌዳው ክብ ስለሆነ የመጨረሻው ሥዕል ከመጀመሪያው ጋር መግጠም ነበረበት፤ የዛሬው ባለሙያም የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ጂአይኤፍ የሚባለውን የምስል ዓይነት ኮምፑሰርቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣው፤ በ1989 የወጣው እትም እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ሥዕል፣ ስንት መቶኛ ሰከንድ እንደሚቆይ ማዘዝ አስቻለ፤ ያለማቋረጥ መዞርን ደግሞ ኔትስኬፕ በ1995 ጨመረበት። ፎቶ ማጋጠምም ጥንታዊ ነው፤ ኦስካር ሬይላንደር እ.ኤ.አ. በ1857 ከ30 በላይ ኔጋቲቮችን አንድ ትልቅ ትዕይንት አድርጎ አትሟል። ለእኛም ዐይን ቢሆን እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍሎች የሚያሳየው የታወቀው የሕዝብ ሥዕል ያችኑ ንግሥት በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ ያሳየናል፤ ተመልካቹም ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ አይጠይቅም፤ ጊዜ በሥዕል ውስጥ እንዲህ እንደሚደረደር ያውቃል።

ሙያው ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የፖላንዱን ዝቢግኒየቭ ሪብቺንስኪን «ታንጎ» ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1980 በተሠራው በዚህ አጭር ፊልም አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ልጅ ኳሱን ሊወስድ በመስኮት ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል፤ ሌላው ሰው ይጨመራል፤ ቀስ በቀስም ብዙ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዙር እየደጋገሙ፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ክፍሏን ይሞሏታል። ፊልሙ በ1983 ኦስካር አግኝቷል። ከእኛ ወገን ዕዝራ ውቤ አለ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ኒውዮርክ የሚሠራው ይህ አርቲስት ሸራ ላይ ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ በዚያው ሸራ ላይ ደርቦ ይሥላል፣ እንደገና ያነሣል። «ሂሳብ» በተባለው ሥራው የአህያዋን፣ የፍየሏንና የውሻውን የታክሲ ተረት ያንቀሳቀሰው በዚህ መንገድ ነው። ቴዎ እሸቱ ደግሞ የአክሱምን ሐውልት መመለስ እ.ኤ.አ. በ2009 በ15 ስክሪኖች ሲያሳይ ከዚያው ከተከፋፈለው የሳባ ሥዕል አደራደር ተነሥቷል። እነዚህ ሥራዎች ዓመታት ወይም ብዙ መሣሪያ ጠይቀው ይሆናል፤ ሐሳባቸው ግን በስልክ ይሠራል።

አሠራሩን በጀበናው ምሳሌ እንየው። መጀመሪያ የሚታሰበው ብርሃን ነው። ጀበናው በቤት ውስጥ ከግራ በሚገባ የመስኮት ብርሃን ተነሥቶ ወንዙ ከቀኝ በሚመጣ ፀሐይ ከተነሣ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ምስሉን ይጠረጥረዋል። ስለዚህ የወንዙ ፎቶ ቀድሞ ይነሣል፤ የጀበናው ብርሃን በእርሱ ይስተካከላል፤ ማንሣትን ከማይታዘዘው መጀመር ጥበብ ነው። የካሜራው ከፍታም እንዲሁ፤ ወንዙን ከድልድይ ቁልቁል ያየ ሰው ጀበናውንም ቁልቁል ማየት አለበት። እንፋሎቱ ጥቁር ጨርቅ ፊት፣ ከጎን በሚመታ ብርሃን ይነሣል፤ ምክንያቱም ስክሪን በሚባለው የሌየር (የምስል ንብብር) አደራረብ ጥቁሩ ይጠፋና ነጩ እንፋሎት ብቻ ይቀራል፤ በመቀስ ቢቆረጥ የማይቆረጠው ነገር ያለ መቀስ ይለያል። የቀሩት በማስክ፣ የማይፈለገውን በሚሸፍን ሽፋን፣ ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸውም በጥቂቱ ይለዝባል፤ በፎቶ ውስጥ ምላጭ የሆነ ጠርዝ የለምና።

ከዚያ እንቅስቃሴው ይመጣል። ቆሞ የተነሣ ወንዝ እንዴት ይፈሳል? የወንዙ ሌየር ሁለት ቅጂ ይደረግና ሁለቱም በፍሰቱ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይንሸራተታሉ፤ አንዱ እየደበዘዘ ሲሄድ ሌላው እየጎላ ይመጣል፤ የደበዘዘው ሳይታይ ወደ መነሻው ይመለሳል። በሰከንድ 12 ፍሬም ከተባለ ሦስት ሰከንድ 36 ፍሬም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ፦ 37ኛው ፍሬም ከ1ኛው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ስለዚህም ፋይሉ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባ ዙሩ በየሦስት ሰከንዱ ይደናቀፋል። እንፋሎቱም፣ ደመናውም፣ ቡናውም በዚያው 36 ፍሬም ውስጥ ዙራቸውን ሊጨርሱ ይገባል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ አንድ ጊዜ ተኩል ግን አይችልም። ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ ሁሉ ጊምፕ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል፤ እያንዳንዱ ሌየር ፍሬም ሆኖ ይወጣል።

ምስሉ ሲቀመጥ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፤ ጂአይኤፍ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይይዝም። የወለጋ ኮረብታ አረንጓዴ ብዙ ነው፤ የጠዋት ጉም ደግሞ ከነጭ ወደ ግራጫ በማይቆጠር ደረጃ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰማዩ መስመር መስመር ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቀለሙን ከመጀመሪያው መቀነስ ወይም ምስሉን ኤምፒ4 የሚባል የቪዲዮ ፋይል ማድረግ ነው። ቴሌግራም ራሱ የተላከለትን ጂአይኤፍ ድምፅ ወደሌለው ኤምፒ4 ይቀይረዋል፤ ክብደቱም በጣም ይቀንሳል። የፋይል ማነስ በዚህ አገር ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። የሦስት ሰከንድ ምስል በብሉቱዝ ወይም በሜሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል፤ ረጅም ፊልም ግን ብዙ ጊዜ በመንገድ ይቀራል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች ማለፍ አይገባም። ከባዱ ስለ ሐሰት ነው። ግጭት ባለበት አገር የተቀናበረ ፎቶ ሰው ያስገድላል፤ ታዲያ ወጣቱን ማቀናበር ማስተማር ምን ይባላል? ሥጋቱ እውነት ነው፤ አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን ዴዴሳን ከጀበና የሚያፈስ ምስል ማንንም አያታልልም፤ የተሠራ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። አሳሳቹ ምስል ስፌቱን የሚደብቀው ነው፤ ስፌቱን የሚያውቅ ደግሞ የጥላ አቅጣጫና የጠርዝ ልስላሴ እየተመለከተ የሰፋ ሰው ነው። ሌሎች፣ ማሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ድካሙ ለምን? ይላሉ። ማሽኑ ወንዝ ይሠራል፤ ዴዴሳን ግን ማንሣት የሚችለው ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው ነው። የምስሉ ኃይል የተጋጠሙት ነገሮች በእውነት የነበሩ በመሆናቸው ላይ ነው፤ እንግዳነቱ የሚያስደንቀው እውነተኛ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ያሸንፈኛል፤ በከፊል። የሚዞር ምስል ምክንያትና ውጤት የለውም፤ ሁሉን ነገር ጌጥ ያደርጋል ይባላል። በሰኔ 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አርፈው በሌሊት በአርበኞች ተቃጠሉ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ተገደለ። ያንን እሳት ያለማቋረጥ የሚነድ ምስል ማድረግ ቀላል ነው፤ ቢደረግ ግን እሳቱን ማን እንደ ለኮሰ፣ ለምን እንደ ለኮሰና ከዚያ በኋላ ምን እንደ መጣ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የሆነና የማይመለስ ነገር ጽሑፍና ፊልም ይፈልጋል። ሐዘንም እንዲሁ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በወለጋ የጠፋው ሕይወት በሦስት ሰከንድ ሊዞር አይገባም። ከላይ ያልኩት ሕግ የሚከለክለውም ይህንኑ ነው፤ ቡና ይመላለሳል፣ ክረምት ይመለሳል፣ የገበያ ቀን ይመለሳል፤ የሞተ ሰው አይመለስም።

ነቀምቴም ሆነ ደምቢ ዶሎ ሆናችሁ ይህን ለመሞከር የምታስቡ፣ በሁለት ፎቶ ጀምሩ፤ አንዱ የሚንቀሳቀስ፣ አንዱ የቆመ ይሁን። ስፌቱን ለማየት ምስሉን አቁማችሁ ፍሬም በፍሬም እዩት። ያልተነካካውን ፎቶ ደግሞ የተነሣበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ ለብቻው አስቀምጡ፤ ቅንብሩን ያየ ሰው ዋናውን ሲጠይቅ ማሳየት መቻል አለባችሁ።