አውሮፕላኑን የጣለው የሚማር ማሽን አልነበረም

ሰው ሰራሽ አስተውሎት በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ወሬ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን «የጣለው ኤአይ ነው፤ ከአብራሪዎቹ እጅ ነጥቆ ወሰደው» ይባላል። አዲስ አበባ ሰምቼዋለሁ፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥም ሰምቼዋለሁ። 157 ሰው ያለቀበት አደጋ እንዲህ በዘፈቀደ ሲወራ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከወሬው ጎን ለጎን ደግሞ የገበያ ትንበያ ይመጣል። ሰው ሰራሽ አስተውሎት በኢንተርኔት ንግድም በበረራ ሲሙሌተርም እኩል ይመነደጋል፤ ኢትዮጵያም ካሁኑ ካልተሳፈረች ያመልጣታል ይላል። ወሬው ማሽኑን ገዳይ፣ ትንበያው ደግሞ አዳኝ ያደርገዋል። ማሽኑ ምን እንደሚያውቅ፣ ያንንም ከየት እንዳገኘው ግን አንዳቸውም አይጠይቁም። ይህ ጥያቄ ከተጠየቀ ሁለቱ ገበያዎች በአንድ መስመር ሊተነበዩ እንደማይችሉ ይታያል።

መጀመሪያ ስለ አውሮፕላኑ። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ከምንም ነገር የሚማር አልነበረም። መሐንዲሶች የጻፉት አጭር ትእዛዝ ነው፦ ፍላፑ ከተሰበሰበ፣ አውቶፓይለቱ ከጠፋ፣ አፍንጫውም ከሚመጣው ነፋስ አንጻር ከልክ በላይ ቀና ካለ፣ የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ አንቀሳቅሰህ አፍንጫውን ዝቅ አድርግ። በአንድ ዙር እስከ 2.5 ዲግሪ፣ በ9 ሰከንድ ገደማ። አብራሪው በአውራ ጣቱ ቁልፉን ተጭኖ ቢመልሰው ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ሊጀምር ይችላል። አፍንጫው ቀና ማለቱን የሚነግረው አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። በዚያ ጠዋት የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ዲግሪ አካባቢ ያሳይ ነበር፤ ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነቱ የማይሆን ነው የሚል መስመር ግን በትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር አውሮፕላን በዚሁ ምክንያት ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰዎች ሞተዋል። ትእዛዙ የተጻፈለትን ፈጸመ። እንዲህ ሆኖ እንዲጻፍ የወሰኑትና የፈቀዱት ሰዎች ናቸው። «ኤአይ ነው» ማለት እነዚያን ሰዎች ከተጠያቂነት ነጻ ማውጣት ነው፤ ወሬውን ልታገሰው ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

አደጋው በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ዜና መጣ። አየር መንገዱ የማክስ ሲሙሌተር ከጥር 2011 ዓ.ም ጀምሮ እያለው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው አልተለማመደበትም ተብሎ በውጭ ጋዜጦች ተጻፈ። አየር መንገዱ ሲመልስ የማክስ ሲሙሌተር የኤምካስን ችግር እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ አይደለም አለ። ብዙ ሰው መልሱን ማምለጫ አድርጎ ወሰደው። እውነቱን ነበር የተናገረው። በግንቦት ወር ቦይንግ ራሱ የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት ይሳነው እንደነበር አምኖ ማስተካከሉን ገለጸ። ሶፍትዌሩ በትክክል ካላሳያቸው ነገሮች አንዱ በእጅ የሚዞረው መዘውር ክብደት ነው።

ይህ መዘውር በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ያለ ጎማ መሳይ ነገር ነው። ኤሌክትሪኩ ሲዘጋ የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ከተፈቀደለት 340 ኖት አልፎ ሲከንፍ፣ አብራሪዎቹም መሪውን ወደ ራሳቸው ስበው አፍንጫውን ለማቅናት ሲታገሉ፣ አየሩ በጅራቱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ክንፉን የሚያዞረውን ብሎን ጨብጦ ይይዘዋል። ያሬድና ረዳቱ አህመድ ኑር መሐመድ መመሪያው እንደሚለው ኤሌክትሪኩን ዘግተው መዘውሩን ለማዞር ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው። በቀደሙት የ737 ዘመናት መመሪያ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዘዴ ነበር፦ መሪውን ለአፍታ ለቀቅ አድርጎ ጫናውን ማቅለል፣ በዚያች ቅጽበት መዘውሩን ማዞር፣ ከዚያ መልሶ መሳብ። ዘዴው ከፍታ ይፈልጋል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ገና መነሳታቸው ነበር። በዚያ ፍጥነት መዘውሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ሲሙሌተሩ በትክክል ካላሳየ፣ አብራሪው አንድ ሺህ ጊዜ ቢለማመድበትም የተማረው ሌላ ነገር ነው።

ሲሙሌተር ለምን እንዲህ ይሳሳታል? በስድስት እግር የቆመውን ነጭ ክፍል አንባቢ በፎቶ አይቶታል፤ አዲስ አበባ ባለው የአየር መንገዱ አካዳሚ ከኪው400 እስከ ኤ350 ድረስ ያሉት ተደርድረዋል። እግሮቹን ልተዋቸው። ልቡ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ብዙ አስር ጊዜ ይጠይቃል፦ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ የአፍንጫ ማዕዘን፣ ፍላፑ እዚህ ላይ ሆኖ፣ ክንፉ ምን ያህል ይሸከማል? ጅራቱስ ምን ያህል ይገፋል? መልሱን ከሰንጠረዡ ያነባል። ሰንጠረዡ የተሞላው በነፋስ መሞከሪያ ዋሻና በሙከራ አብራሪዎች በረራ ነው። በሁለት የተለኩ ቁጥሮች መካከል ከወደቀ አማካዩን ያሰላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያዛልቃል። ከመጨረሻው ቁጥር ካለፈ ግን መስመሩን ዝም ብሎ ያስረዝመዋል። ዳባትንና ደባርቅን የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ያለውን መንገድ ሳያየው ቢገምት ብዙም አይሳሳትም፤ ደጋው ያው ደጋ ነው። በዚያው ግምት ከደባርቅ አልፎ ከሄደ ግን ሊማሊሞ ላይ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይወርዳል።

የሙከራ አብራሪዎች ደግሞ ሊማሊሞውን አይለኩትም፤ ለመለካት መውደቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚሳሳው አደጋ በሚበዛበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2009 ኤር ፍራንስ 447 አትላንቲክ ውስጥ ሲገባ አብራሪዎቹ በከፍታ ላይ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቆመበትን ሁኔታ ተለማምደውት አያውቁም ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ ሲሙሌተሮችም ከዚያ ወሰን በኋላ ያለውን በእርግጠኝነት አያሳዩም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ቡፋሎ አጠገብ ኮልጋን ኤር 3407 ወድቆ 50 ሰው ሞተ። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከዚያ በኋላ አየር መንገዶች ሙሉውን የመሸከም መጥፋት በተሻሻለ ሰንጠረዥ በሲሙሌተር እንዲያለማምዱ ደነገገ፤ የማስፈጸሚያው ቀን ገደብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2019 ነበር። የቢሾፍቱ አደጋ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው።

ሰው ሰራሽ አስተውሎት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። «ሰንጠረዡን ትተን በበረራ መረጃ የሠለጠነ ኒውራል ኔትወርክ እናስገባ፤ ሲሙሌተሩ ይረክሳል፣ ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ይፈጥናል፤ ልክ ናቸው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰንጠረዥ ጠርዙ ይታያል፤ መሐንዲሱ ጣቱን አስቀምጦ «ከዚህ በኋላ አልተለካም» ሊል ይችላል። ኒውራል ኔትወርክ ግን በየትኛውም ቦታ ለስላሳ ቁጥር ይሰጣል፤ ከተማረበት መሃል ላይም፣ ምንም መረጃ ባልደረሰበት ጥግም፣ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት። የዕለት ተዕለት በረራ መረጃ በሚሊዮን ሰዓት ቢሰበሰብ ደግሞ የሚሞላው አስቀድሞ የሞላውን መሃል ነው። አየር መንገድ በደህና በበረረ ቁጥር ማሽኑ ስለ አደጋ የሚማረው ነገር የለም።

ጉዳዩ በቅርብ ይታይ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ያወጣው የበረራ ጨዋታ የዓለምን ቤቶች የገነባው ብላክሻርክ በተባለ የኦስትሪያ ኩባንያ ሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው፤ ከሳተላይት ፎቶ ተነስቶ 1.5 ቢሊዮን ሕንጻ አቆመ። ሥራው ያስደንቃል። ሆኖም ሜልቦርን ከተማ ዳር፣ ተራ ቤቶች መካከል፣ ባለ 212 ፎቅ ማማ ተገትሮ ተገኘ። ጨዋታው በተጠቀመበት፣ ማንም ሊጽፍበት በሚችለው ነጻ የኢንተርኔት ካርታ ላይ አንድ ሰው 2 ሊል 212 ጽፎ ኖሯል። ማሽኑ «ይህ ቤት ለምን ሰማይ ደረሰ?» አላለም።

ከዚህ አይነቱ ስህተት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኮሶዬም አያመልጥም። ለብዙ ሶፍትዌር የዓለም ከፍታ መሠረት የሆነው መረጃ እ.ኤ.አ. የካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በራዳር የለካችው ነው። ነጥቦቹ ወደ 30 ሜትር ይራራቃሉ፤ ራዳሩ ደግሞ ምድርን ወደ ጎን ነው የሚያየው፤ ከተራራ ጀርባ ያለው ገደል በጥላ ይጋረዳል። በሰሜን ተራሮች እንዳሉት ባሉ ቦታዎች መረጃው ባዶ ጉድጓድ ያለበት ይሆናል፤ ጉድጓዱ በኋላ በስሌት ይደፈናል። ኮሶዬ ላይ መንገዱ ዳር ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው መሬቱ በአንድ እርምጃ እንደሚያበቃ ያውቃል። በሁለት የራዳር ነጥቦች መካከል የወደቀ ገደል ግን ስክሪኑ ላይ ጭላዳ ሳይሆን በሬ የሚወጣው ተዳፋት መስሎ ይቀርባል። ለጨዋታ ምንም አይደለም። ለእውነተኛ ሥልጠና የሚውለው መሬት ለብቻው የሚለካውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባኛል፤ የምናገረው በሙያው ውስጥ ገና ክርክር ስላለበት ነገር ነው። ኒውራል ኔትወርክ የራሱን ጥርጣሬ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የፊዚክስን ሕግ አስገብተው የሚያሠለጥኑም አሉ፤ ሥራቸው ባዶ ተስፋ አይደለም። የአውሮፓው የአቪዬሽን ደህንነት ተቋምም ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ለዚህ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ደረጃ በደረጃ እየሄደ ነው። የአደጋው ምርመራም ቢሆን ሙሉ ስምምነት የለበትም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታህሳስ 2015 ዓ.ም ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት የሴንሰሩን መበላሸት ከአመራረት ጥራትና ከኤሌክትሪክ ችግር ጋር ሲያያይዙ፣ የአሜሪካው የምርመራ ቦርድ ከወፍ ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተጋጭቶ ነው አለ፤ አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ አብራሪዎቹ ፍጥነቱን የያዙበት መንገድ በቂ ትኩረት አላገኘም ሲሉም ተከራከሩ። የእኔ ሐሳብ በዚህ ክርክር አሸናፊ ላይ አይቆምም። ሴንሰሩ በወፍም ይሰበር በሽቦ፣ ትእዛዙ አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ ነው የፈረደው። በኅዳር 2013 ዓ.ም ማክስ እንደገና እንዲበር ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያወዳድር፣ በአንድ ክስተት አንዴ ብቻ እንዲሠራ ተደርጓል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም ማክስን መልሶ አበረረ።

በሲሙሌተር በኩል ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሸጥበት ቦታ ስለዚህ አሠልጣኙ ወንበር አጠገብ ነው ብዬ አምናለሁ። ካናዳዊው ሲኤኢ የሠልጣኙን ልምምድ በመረጃ የሚገመግም ሥርዓት ከሸጠ ቆይቷል። አብራሪው የቱን መሣሪያ ዘግይቶ እንዳየ፣ የቱን ስህተት እንደሚደጋግም ማሽኑ ለቅሞ ለአሠልጣኙ ያቀርባል፤ የአየር ተቆጣጣሪውን ድምፅም ተክቶ ይናገራል። ማሽኑ ቢሳሳት አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ያርመዋል። ገበያው ያድጋል፤ የሚያድገው ግን በፈቃድ ሰጪዎች ፍጥነት ነው።

የኢንተርኔት ንግዱ ሌላ ነው። አማዞን «ይህን የገዙ ያንንም ገዙ» የሚለውን ስሌት ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲጠቀም ማሽኑ አዘውትሮ ይሳሳት ነበር። ምን ጠፋ? ደንበኛው አልጫነውም፤ አለመጫኑም ራሱ ትምህርት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሰው በአንድ ሳምንት ጭንብልና ሶፍት ሲያሳድድ የትንበያ ማሽኖች ተደናበሩ፤ አዲስ መረጃ ግን በየሰዓቱ ስለሚጎርፍ መልሶ ማሠልጠን ተቻለ። ስህተት የሚረክስበት ገበያ በፍጥነት ያድጋል። ከዚህ በላይ ምስጢር የለውም።

እኛ ጋ ያለው ችግር ማሽኑ የሚበላው እህል አለመኖሩ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም ወጥቷል፤ ቴሌብርም ግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። ሽያጩ ግን በቴሌግራም ነው። የጫማ ፎቶ ይለጠፋል፤ ሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ገዢው ይደውላል፣ ይከራከራል፣ 300 ብር ያስቀንሳል፤ ዕቃው ደባርቅ የሚሄድ ከሆነ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጥና ስልክ ቁጥር ይነገረዋል። ማን ምን ፈለገ፣ በስንት ተስማማ፣ ለምን ተወው የሚለው ሁሉ በስልክ ንግግር ውስጥ ቀረ። አድራሻው «ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር» ነው። አንዱ «ፀጉር» ሌላው «ጸጉር» ብሎ ሲፈልግ ካልተስተካከለ የፍለጋ ማሽን ሁለት የተለያየ ዕቃ ያያል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ለማሽኑ የዳባትና የደባርቅ ገዢ በእነዚያ ወራት በዓለም ላይ አልነበረም።

ስለዚህ እዚህ አገር ላይ ቀድሞ ገንዘብ የሚያመጣው ዕቃ የሚመርጥልን ማሽን አይመስለኝም። ክፍያው ቀድሞ ስለሚመዘገብ፣ መጀመሪያ የሚሠራው የክፍያ ማጭበርበርን የሚለይ ነው። ቀጥሎ አማርኛን በየአጻጻፉ አንድ አድርጎ የሚፈልግ፤ ከዚያ «ከመናኸሪያው ጀርባ» የሚለውን ወደ ካርታ ነጥብ የሚለውጥ። ለኋለኞቹ ሁለት መረጃው አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ አይገኝም፤ ዕቃ አድራሾችና የአውቶቡስ ረዳቶች በየቀኑ የሚያደርጉትን የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። በረራ ላይም አካዳሚው ነገ በኒውራል ኔትወርክ የተሠራ ሲሙሌተር ቢቀርብለት መጠየቅ ያለበት ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ መረጃው የት እንደሚያበቃ፣ በ360 ኖት ፍጥነት መዘውሩ ስንት ኪሎ እንደሚከብድ፣ ያንንም በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ ማን እንደለካው ሻጩ በወረቀት ያሳይ።