ሰባ ፊደልና የቡሬው ወኪል

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሱቆች፣ በሞባይል ገንዘብ ወኪሎች ዘንድ የሚዞር ወሬ አለ። «በአማርኛ የሚላክልን መልእክት እጥፍ ይቆጥራል፤ ልዩነቱን ከኮሚሽናችን ላይ ነው የሚያነሱት» ይላል። ወሬው ምን ያህል እንደተዛመተ የሚታወቀው፣ በላቲን ፊደል የተንጋደደ አማርኛ ሲደርሰው «ይሁን፣ ይረክሳል» ብሎ ዝም የሚለውን ባለሱቅ ሲያዩ ነው። ከመጨረሻው እንጀምርና፣ እንዲህ ያለ መልእክት መቀበል አገራችን ውስጥ አያስከፍልም። የሚከፍለው ላኪው ነው። «እጥፍ ይቆጥራል» የሚለው ግን ሥር አለው፤ ሥሩን ሳያዩ ቋንቋውን መውቀስ ነው የሚያናድደው።

ወኪሉ ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ደንበኛ የሚመዘግበው፣ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ስልክ የሚያስገባውና ከስልክ አውጥቶ የሚሰጠው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ ክፍያውም በኮሚሽን ነው። ነገሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። አማዞን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢ ለሚያመጡለት ሰዎች ኮሚሽን ይከፍላል። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች አጋሮቻቸውን የሚያነጋግሩት በየጊዜው በኢሜይል በሚልኩት የዜና ደብዳቤ ነው። በጃቢ ጠህናን ወይም በወንበርማ ገጠር ያለ ባለሱቅ ግን ጠዋት ተነስቶ ኢሜይል አይከፍትም። የእሱ የዜና ደብዳቤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው፦ ኮሚሽን ሲቀየር፣ የዝውውር ጣሪያ ሲሻሻል፣ አዲስ የማጭበርበሪያ ዘዴ ሲታይ።

አሁን ወደ ሥሩ። አጭር መልእክት የሚጓዘው ኢንተርኔት በሚሄድበት መንገድ ሳይሆን ኔትወርኩ ስልክዎን ለመጥራትና ያለበትን ለማወቅ በሚጠቀምበት ጠባብ የምልክት መስመር ነው። መስመሩ ለሌላ ሥራ የተዘረጋ ስለሆነ ለጽሑፍ የተረፈው ቦታ 140 ባይት ብቻ ሆነ፤ ይህም 1,120 ቢት ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ዓረፍተ ነገሮችን በታይፕ እየመታ ሆሄያቱን ቆጠረና 160 ይበቃል አለ። ለላቲን ፊደል አንድ ሆሄ 7 ቢት ይበቃዋል፤ 1,120ን ለ7 ሲያካፍሉት ልክ 160 ይመጣል። በሰባት ቢት መለየት የሚቻለው ግን 128 ምልክት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ሠላሳ ሦስቱን በሰባት ብናባዛ ብቻ 231 ነው፤ «ቋ»ና «ሏ»ን የመሰሉት ገና አልተቆጠሩም። በዚህ የ128 ምልክት ሠንጠረዥ አይገባም። ስለዚህ ግዕዝ ፊደል የሚላከው በ1999 እ.ኤ.አ. በተካተተበት በዩኒኮድ ነው፤ በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ሆሄ 16 ቢት ይይዛል። 1,120 ለ16 ሲካፈል 70።

ጣሳው አንድ ነው፤ ጤፍ ሲሰፍሩበት ፍሬው ይበዛል፣ በቆሎ ሲሰፍሩበት ያንሳል። ወሬኛው የቆጠረው ፍሬውን ነው። 160ና 70ን አነጻጽሮ «ከእጥፍ በላይ ተበላን» ይላል። ግን አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚሄደው። «ፍኖተ ሰላም» ብለው ቢጽፉ ክፍተቱን ጨምሮ 7 ሆሄ ነው፤ በላቲን 12። ሰባቱን በ16 ሲያባዙ 112 ቢት፣ አሥራ ሁለቱን በ7 ሲያባዙ 84 ቢት። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ነው። «ቡሬ» ደግሞ 32 ቢት ነው፤ በላቲን 28፤ እዚህ ልዩነቱ ከዚያም ያንሳል። በእርግጥ ቁጥር ሲበዛ አማርኛው ይጎዳል፤ ዐሥር አኃዝ ያለው ስልክ ቁጥር በዚያው መልእክት ውስጥ 160 ቢት ይወስዳል። ያም ሆኖ «እጥፍ» የሚለው ስሌት ስህተት ነው።

ብዙ የመልእክት አዘጋጆች የማያውቁት ወጥመድ ሌላ ነው። መልእክቱ በሙሉ በላቲን ተጽፎ መጨረሻው ላይ አንዲት «።» ብትገባ፣ ያቺ አራት ነጥብ መልእክቱን ሁሉ ወደ 16 ቢት ትገለብጠዋለች። 100 ሆሄ የነበረው አንድ መልእክት ወዲያው ሁለት ይሆናል። ሁለት ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ተራውን ለመጠቆም 6 ባይት ይከፍላል፤ ስለዚህ በአንዱ ክፍል የሚገባው 70 ሳይሆን 67 ነው። ክፍሎቹ ለየብቻ ይጓዛሉ። ሁለተኛው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል፤ አንዱ ከጠፋ ስልኩ ሌላውን ይዞ ይጠብቃል ወይም ጎደሎውን ያሳያል። «ኮሚሽኑ ተቀይሯል» የሚለው ደርሶ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ቢቀር፣ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቀው ኩባንያው አይደለም፤ ባለሱቁ ነው።

የወኪሉ ስልክ ቢጠፋስ? መልእክቱ በመልእክት ማዕከሉ ይቀመጣል፤ ስልኩ ሲበራ ይላካል። ላኪው የወሰነው የቆይታ ጊዜ ካለፈ ግን ይሰረዛል። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልኩን የሚሞላው የገበያ ቀን ቡሬ ሲወርድ ብቻ ለሆነ ሰው፣ ለአንድ ቀን ብቻ እንዲቆይ የተደረገ ማሳሰቢያ አልተላከም ማለት ይቀላል። «ደርሷል» የሚለው ማረጋገጫም ስልኩ ላይ መድረሱን እንጂ መነበቡን አይናገርም። የላኪውን ስም የሚይዘው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 11 ሆሄ ነው፤ በ7 ቢቱ ሠንጠረዥ ስለሚጻፍ የኩባንያ ስም በግዕዝ ማስፈር አይቻልም። ስሙን አይቶ ማመን አደጋ አለው። «ገንዘብ ገብቷል» የሚል ጽሑፍ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነውና የቴሌብር ወኪል ጽሑፉን ሳይሆን *127# ደውሎ ሒሳቡን ማየት አለበት።

እዚህ ላይ እንደ እኔ መልእክት የሚያዘጋጁ የሙያ ጓደኞቼ ይጮሁብኛል። አንደኛው ወገን «አጭር መልእክት ያረጀ ነው፤ ቴሌግራም ቻናል ክፈቱላቸው» ይላል። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቻናሉ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ግን ፍትሐዊ ልሁን፦ አጭር መልእክትም ይዘጋል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 መባቻ ነው፤ በክልላችንም ድምፅ ሳይቀር የጠፋባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሌላው ወገን ጽሑፉን ትቶ ድምፅ ይላክ ይላል፤ በ2006 የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው የ8028 መስመር ገበሬውን በድምፅ ማስተማሩን ይጠቅሳል። ይህን መመለስ ይከብደኛል፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ልክ ናቸው። ወኪል ግን በየቀኑ ሒሳብ የሚያነብ ሰው ነው፤ የኮሚሽን ሠንጠረዥም ሰምተው የሚይዙት ነገር አይደለም። ሦስተኛው ክርክር ይበልጥ ቴክኒካዊ ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለቱርክኛ፣ ለፖርቱጋልኛ፣ ለሂንዲና ለሌሎች የሕንድ ቋንቋዎች ልዩ የ7 ቢት ሠንጠረዥ ተበጅቷል፤ ለእኛስ? ፊደሉን በሁለት ሠንጠረዥ ለመክፈል ቢሞከር እንኳ ይጣበባል፣ በእጅ ያሉ ስልኮችም ሊረዱት ይገባል። እኔ አልጠብቀውም፤ ይሠራል የሚሉ እንዳሉ ግን አልክድም። የጅምላ መልእክት ዋጋም ቢሆን የውል ጉዳይ ነው፤ እኔ የምናገረው ስለ ቢቱ ነው።

እስከዚያው ሰባዋ በቂ ናት። ይህን ራሴ አዘጋጀሁት፦ «ከሐምሌ 1 ጀምሮ የገንዘብ ማውጫ ኮሚሽን ተቀይሯል። ሠንጠረዡ ሱቅዎ ይደርሳል።» ክፍተቱንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 49 ነው። «የተጠራጠሩትን አይክፈሉ።» ብለው ከክፍተት ጋር ቢያክሉበት 65 ይሆናል፤ ሁለቱም በአንድ መልእክት፣ በአማርኛ፣ ሳይቆረጡ ቡሬ ይደርሳሉ።